የታሽከንት ጎደሎ ስኒ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላም ሳንታ ክላራ ውስጥ ኢራኖች የከፈቱት አንድ ግሮሰሪ ይዛኝ ገባች። በሩ አጠገብ ሞላላ ቢጫ ሜሎኖች ተከምረዋል፤ አንዱ ለቅምሻ ተቆርጦ ተቀምጧል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ጋሪው ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ማር አይደለም፣ ሽቶ አይደለም፤ ታሽከንት ነው። የነሐሴ ጠዋት፣ ውሃ የተረጨ አስፋልት፣ መንገዱ ዳር የተደረደሩ የእንጆሪ ዛፎች። "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ ሰላም። "ታሽከንት ሸተተኝ" አልኳት። "ኢትስ ጀስት ኤ ሜሎን" ብላ ሳቀች። ይሁን፣ ለእሷ ሜሎን ነው። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለእትዬ ጽጌ። እውነቱን ለመናገር የእትዬ ጽጌ ሜሎን ሰበብ ነው። ከታሽከንት ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ለእሷ የማደርሰው ቃል ተሸክሜ መጥቼ እግሬ ወደ ቤቷ አልሄድ ብሎኛል። ቃሉ ክፉ አይደለም። ባላጠፋችው ጥፋት ግማሽ ዕድሜዋን ስትወቀስ የኖረች ሴት ንጹሕ መሆኗን የሚነግር ቃል ነው። እንዲህ ያለውንማ እየሮጡ ነው የሚያደርሱት ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ላውራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ታሽከንት ትልቅ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟን ስጠራ ሰው ሁሉ "እሱ አፍጋኒስታን ነው ፓኪስታን?" ይለኛል፤ ያናድደኛል። የኡዝቤኮች ዋና ከተማ ናት። እኛ ለትምህርት በሄድንበት ጊዜ በትልቅነቷ ከሞስኮ፣ ከሌኒንግራድና ከኪየቭ ቀጥላ የምትጠራ ነበረች። እኛ ከመድረሳችን በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት እንደ አዲስ ስለተሠራች መንገዶቿ አውሮፕላን ያሳርፋሉ። በየመንገዱ ዳር ትንንሽ ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ቀን ከሌት ሹልሹል ይላል፤ ስሙ አሪቅ ነው። በበጋ ሙቀቱ ጫማ ሲያቀልጥ ሽማግሌዎቹ አራት ማዕዘን ቆባቸውን ደፍተው ከዛፍ ሥር ከተዘረጋ ሰፊ አልጋ ላይ ይወጡና አረንጓዴ ሻይ ይጠጣሉ። ምድር ውስጥ የሚሄደው ባቡር በአምስት ኮፔክ ነበር፤ ጣቢያዎቹ ቤተ መንግሥት ያስንቃሉ፤ ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው፣ ፖሊሱ እንደ ጥላ ይከተላችኋል። አሮጌው ከተማ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ የጭቃ ግንብ፣ ጠባብ ስርጥ፣ ማህሉ በማኅተም የተወጋ ክብ ዳቦ በሕፃን ጋሪ እየገፉ የሚሸጡ ሴቶች። ዳቦ ተገልብጦ ከተቀመጠ ነውር ነው፤ የማታውቁት ሴትዮ አልፋችሁ ስትሄዱ መጥታ ትገለብጠዋለች። እኔ የመስኖ ምህንድስና ተምሬ የወጣሁባት ከተማ ይህቺ ናት፤ መስኖውን ረስቼዋለሁ፣ ዳቦውን አልረሳሁም።

ግርማ የዶርም ጓደኛዬ ነው። የደሴ ልጅ፣ ረጅም፣ ኩሩ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጽጌ ናት። ለውጭ አገር ተማሪዎች በተዘጋጀ አንድ የሙዚቃ ምሽት ላይ ፒያኖ የምትጫወት ዲልባር የምትባል ኡዝቤክ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቤቷ ተጠራ፤ እኔንም ለምስክርነት ይዞኝ ሄደ። ከአንድ ፖላንዳዊ ተውሶ ቡናማ ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ያጥረው ስለነበር ክንዱን እንደ ወታደር አጥፎ ነው የተቀመጠው። አባትየው የሻዩን ማንቆርቆሪያ አነሱ። ስኒዎቹ እጀታ የላቸውም፤ ሰማያዊ ሆነው የፈነዳ ነጭ ጥጥ ተስሎባቸዋል። ሽማግሌው ከስኒው ታች ጠብ አድርገው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ግራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለግርማ አቀበሉት። ግርማ ስኒውን አየ፤ እኔን አየ። "ታዴ፣ ሻይም በቀበሌ ካርድ ሆነ እንዴ?" አለኝ በአማርኛ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ደግመው ሲቀዱለትም ያችኑ ጠብታ። ፊቱ ጠቆረ። "ተነሥ እንሂድ፤ ልጃችንን አንሰጥም ማለታቸው ነው" ብሎ ሊነሣ ሲል ዲልባር ገባትና ወደ ኮሪደሩ ጠራችን። ሳቋን መያዝ አቅቷታል። በእነሱ ቤት የተከበረ እንግዳ ስኒው አይሞላለትም፤ ጥቂት ይቀዳለታል፣ ሲያልቅ ይደገማል፣ ይሰለሳል፤ ባለቤቱ እየደጋገመ ሊያገለግለው ስለሚፈልግ ነው። ስኒው ጢም ብሎ ከተሞላ ግን "ጠጣና መንገድህን ቀጥል" ማለት ነው። እዚህ የእኛን አገር አስቡት፤ ጎደሎ ከሚቀዳልን ባይቀዳልን የምንመርጥ ሰዎች! ግርማ ተመልሶ ገብቶ ያን ጠብታ እየተቀበለ እስኪመሽ ጠጣ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሚዜው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሁለት መንግሥት ባንዴ ፈረሰብን፤ የላኩንም የተቀበሉንም። የታሽከንት ሩሲያኖች ዕቃቸውን እየሸጡ መሄድ ጀመሩ፤ ፒያኖ በእግረኛ መንገድ ላይ እንደ ድንች ይሸጥ ነበር። ስታይፔንዳችን የዳቦ እንኳ አልሆን አለ። እትዬ ጽጌ በሱዳን በኩል ቀድማ አሜሪካ ገብታ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ስለነበር በእሷ ብርታት እኔና ግርማ ኦክላንድ ደረስን። ዲልባር አባቷ ታመው ስለነበር ቀረች፤ ሲሻላቸው ልትመጣ። አልተሻላቸውም፤ እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ እናትየው ብቻቸውን ቀሩ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ዓመታት ሄዱ።

ያን ጊዜ ኦክላንድን ያላየ ምን ያውቃል! ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ነበር፤ ወለሉ ከታች በማድረቂያዎቹ ስለሚሞቅ ክረምቱን ማሞቂያ አንከፍትም። ቤንዚን ጋሎኑ በዶላር ከምናምን። ወጣቱ ሁሉ ሱሪው ከወገቡ ወርዶ መሬት ይጠርጋል፤ መኪኖቹ ሙዚቃቸው መስኮታችንን ያንቀጠቅጠዋል። ግርማ "የታሽከንቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከትሎን መጣ" ይላል። እሱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጠባቂ፣ እኔ ነዳጅ ማደያ። በረፍት ቀናችን ሌክ ሜሪት ዙሪያ እየሄድን ስለ ታሽከንት እናወራለን። ሌሎቹ አበሾች ስለ ፒያሳና ስለ ካዛንቺስ ሲያወሩ እኛ ስለ ሾርባው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ አሪቁ ስናወራ "ሩሲያኖቹ መጡ" ይሉን ነበር። አዲስ አበባንማ የሚናፍቅላት ሞልቷል፤ ታሽከንትን ከእኛ ሌላ ማን ይናፍቅላት? ግርማ ደመወዙን ከተቀበለ መጀመሪያ የሚገዛው የስልክ ካርድ ነው። በአንደኛው ክረምት ለእትዬ ጽጌ ያችን የሻይ ታሪክ በስልክ እያስመሰለ ሲያጫውታት አጠገቡ ነበርኩ። ሳቋ ከቀፎው አልፎ ይሰማኝ ነበር። "ወይ ጉድ! ሰው እንዴት በሻይ ይሰስታል!" አለች። ይህቺን ያዙልኝ።

እትዬ ጽጌን ልንገራችሁ። ጽጌ ስትባል ቀጭን አትምሰላችሁ፤ ደልደል ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ እኔን እንደ ወንድሟ የምትቆጣ ሴት ናት። "እርስዎ" ብላት ትሰድበኛለች። የወንድሟ የሰርግ ፎቶ ሲደርሳት ጾም ይዛ አልቅሳለች፤ አልዋሽላትም። ሳን ሆዜ ባለው የአማርኛ ጸሎት ቤቷ ስንት ልጃገረድ ልታጭለት ሞክራለች። "አንድ ፍሬ ልጅ አይደለህ፣ እስከ መቼ ከቴሌፎን ጋር ትተኛለህ?" ትለው ነበር። እሱ ግን ወይ ፍንክች። እንዲህ ሲጠብቅ ስታየው ቀስ በቀስ ልቧ ዞረ። "ታዴ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ቢኖራት ነው እንጂ ያ ኩሩ ወንድሜ እንዲህ አይታሰርም ነበር" አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያማ ራሷ እየደወለች "ዲልባርዬ፣ እንደምን ነሽ?" ትላት ጀመር፤ ዲልባርም "ደና ነኝ እትዬ" ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም ብለው መስመሩ ላይ ይተነፍሳሉ።

በመጨረሻ ዲልባር ለጉብኝት ቪዛ አገኘች። የመመለሻ ትኬት አላት፤ ሐሳቡ ግን ከመጣች ወረቀቷን እዚሁ ጨርሳ እንድትቀር ነበር። ግርማ ከሳን ሆዜ የቁንጫ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራው፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዝቶ፣ እኔ ሌላ ቤት ፈልጌ ወጥቼ፣ ቤቱን ቀለም ቀባን። ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ስትወጣ እንዳይጠፋት ያን የዱሮ ቡናማ ኮት የመሰለ ገዝቶ ለብሷል፤ ይኼኛው እጅጌው ልክ ነው። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ወደ ሌላ አየሁ። እሷ ጥቂት ወፍራለች፣ ዓይኗ ያው ነው። በማግስቱ ድልድዩን አሳየናት፣ ሐይቁን አሳየናት፣ ማውንቴን ቪው ድረስ ወሰድናት። ከመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ታያለች። "ቆንጆ ነው" ትላለች። ቆይታ ደግሞ "ሰዎቹ የት አሉ?" ትለኛለች በሩሲያኛ። እውነት ነው፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ውሃውም በቧንቧ ነው እንጂ መንገድ ዳር አይሄድም። የእጅ ሰዓቷን አይቶ ግርማ ሳቀ፤ የታሽከንት ሰዓት ነው። "አስተካክይው እንጂ" ሲላት "እናቴ ምሳዋን መብላቷን እንዳውቅ ነው" አለችው። ፒያኖውን አመስግናለች፤ ከፍታ ስትጫወት ግን አልሰማኋትም።

እትዬ ጽጌ ለምራቷ ድግስ ደገሰች። እስቲ አድምጡኝ፣ ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ያቺ ሴት ከሙስሊም ሥጋ ቤት በግ ገዛች። በሕይወቷ የሙስሊም ሥጋ አፏ ገብቶ አያውቅም፤ ከኦርቶዶክስ ወደ ጴንጤ ጸሎት ቤት ከቀየረች በኋላ እንኳ እጇ እምቢ ይላት ነበር። "የወንድሜ ሚስት የምትበላውን እኔ ካልበላሁ ምኑን ቤተሰብ ሆንን?" ብላ ከዲልባር ጋር ከአንድ ትሪ በላች። ዲልባር በስጦታ ያመጣቻቸው እነዚያን ሰማያዊ ስኒዎች ነበር፤ ስድስት ሆነው በልብሷ መካከል ተጠቅልለው አንድም ሳይሰበሩ። እትዬ ጽጌ ደስ ብሏት የቤቱን ብርጭቆ ሁሉ ወደ ጎን ብላ በእነሱ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። በረዶ አልቆ ነበርና እኔን ላከችኝ። ስመለስ ግርማ ከወንዶቹ ጋር ሳሎን ውስጥ ቅርጫት ኳስ እያየ ይጮኻል። ዲልባር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የተሞላ ስኒ አለ፣ ከአፉ ሊፈስ የደረሰ። እትዬ ጽጌ ደግሞ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ፣ ላብ በላብ ሆና፣ "ጠጪ የኔ ልጅ፣ ጠጪ፤ እኔ ቤት ጎደሎ የለም!" ትላታለች። ዲልባር አንዴ ስትጎነጭ ወዲያው ትሞላዋለች። "ዲልባር፣ የእኛ አገር ልማድ ነው፤ መሙላት ክብር ነው" አልኳት ቶሎ ብዬ። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለችኝ ፈገግ ብላ። ይሉኝታዋ መሰለኝ። እኔም በረዶውን አስቀምጬ ወደ ኳሱ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት ግርማ ደውሎ "ታዴ፣ ና" አለኝ። ስደርስ ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቷል። ዲልባር በትኬቷ ቀን እንደምትመለስ ነግራዋለች። "ታላቅ እህትህ ስኒዬን ሞልታ አሰናብታኛለች፤ የቤቱ ትልቅ ካሰናበተኝ በኋላ አልቀመጥም" ብላዋለች። ግርማ መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ መሰለው። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ነገሩ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ መሆኑን መች አወቅን! ከዚያ አስረዳት፣ ለመናት፣ እኔም አስረዳኋት፤ ደሴ ስኒ እንዴት እንደሚቀዳ በሩሲያኛ ስተነትን ዋልኩ። እትዬ ጽጌን አምጥተን ይቅርታ እናስጠይቃት ስንል "አይሆንም፣ ትልቅ ሰው አያሳፍሩም" አለች። አታለቅስም፣ አትቆጣም። ልብሷን ታጥፋለች። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" የሚለውን የእኛን ተረት የመሰለ ነገር በእነሱ ተናገረች። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ግርማ ከኋላ ወንበር እጇን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ከኤርፖርት በቀጥታ ሳን ሆዜ ውሰደኝ አለኝ። እትዬ ጽጌ በር ስትከፍት ፊቱን አይታ "ምን ሆነ? ልጅቷ ምን ሆነች?" አለች። "ነግሬሽ ነበር" አላት። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። "ምኑን?"

"የሻዩን ነገር። ሲሞላ ሂጂ ማለት መሆኑን በስልክ ነግሬሽ ስቀሻል። ታዴ ምስክሬ ነው።"

"ግርምሽ፣ አፈር ልሁንልህ፣ አላስታውስም። የእኔ ነገር! በዚያ ሰዓት አንዱም አልመጣልኝም።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ከፎቶዋ ጀምሮ አልወደድሻትም። በአፍሽ ማባረር ቢያቅትሽ በስኒ አባረርሻት።"

"በጉን ረሳኸው? ለማን ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት?" አለችና ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ መሀል ገብቼ "ኧረ ግርማ፣ እኔም ነበርኩ፣ በፍቅር ነው የቀዳችላት" ብል ማን ሰምቶኝ። እሱ የሰማው በስልክ የሳቀችውን ሳቅ ብቻ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ያዘው አያያዙ እህትና ወንድምን ቀደደ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የሚገናኙት ለቅሶ ቤትና ሰርግ ላይ ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሳይነካኩ ይሳሳማሉ። ሽማግሌ ላክን፣ ፓስተር ላክን። ግርማ "አልተጣላንም እኮ" ይላል። ሰው ሳይጣላ ሲርቅ ምን ተብሎ ይታረቃል? ኮንኮርድ ሄዶ ብቻውን ተከራየ። ለታሽከንት ትኬት ቆርጦ መለሰ፤ "የተባረረች ሴት ምን ብዬ እጠራለሁ" አለ። አላገባም። ሰማያዊዎቹ ስኒዎች እትዬ ጽጌ ቤት ቀሩ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ደግሞ ለማንም ሰው፣ ለፓስተሩም ቢሆን፣ ስኒ ሞልታ አትቀዳም። ጠብ ታደርጋለች፤ ቆማ ትጠብቃለች፤ ደግሞ ጠብ ታደርጋለች። የማያውቅ ሰው ምን ይላል? "እትዬ ጽጌ ሰሰተች" ተባለ። ጸሎት ቤት ውስጥ ሴቶቹ "የጽጌ ሻይ" እያሉ ጎደሎ ነገርን ሁሉ ይጠሩበት ጀመር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ግርማ ልቡ ድንገት ቆሞ ሲሞትም ቀብሩ ላይ እንባ አልወጣትም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ አድርጎ ነበርና ደርቃ ቆመች። "እንባም ሰሰተች" ያለ አፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ እግዜር ይይለት።

በዚህ መስከረም መጀመሪያ የታሽከንት ተማሪዎች የተመረቅንበትን በዓል እናክብር ተባብለን ከያለንበት ተሰበሰብን፤ ከሐኖይ፣ ከአደን፣ ከባማኮ፣ ራሰ በራ ሁሉ። ከተማዋን አላወቅኋትም። መሀል አደባባይ የነበሩት ትላልቅ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ ያ ሁሉ ሽማግሌ የት ይጠለል? መስታወት ሕንፃ በመስታወት ሕንፃ ሆኗል፤ መኪናው በሙሉ ነጭ ነው። ምድር ውስጥ ባቡሩ ፎቶ ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ስልኬን ሳወጣ ዞር ብዬ አየሁ፣ ፖሊሱ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ። አሮጌው ገበያ ሰማያዊ ጉልላቱን እንደ ቆብ እንደደፋ አለ። አሪቁም አለ፣ አነስ ብሎ። የዲልባርን ቤት ጠይቄ አገኘሁት፤ ያው የአባቷ ቤት ነው። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ለሰፈር ልጆች ፒያኖ ታስተምራለች። ግርማ መሞቱን ከዱሮ የትምህርት ጓደኞቻችን ሰምታ አልቅሳ ጨርሳለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠብታ ሻይ ቀዳችልኝ። "ያቺ ደጓ እህቱ ደኅና ናት? ወንድሟን አጥታ እንዴት ሆነች?" አለችኝ።

ደጓ! እኔም ሆዴ ያረረ ሰው ነኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ኩርፊያውን፣ ኮንኮርድን፣ ጎደሎውን ስኒ። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "በእኔ ምክንያት ከእህቱ ጋር ሳይነጋገር ሞተ?" አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የያዝኩት፤ "እኔ እኮ ከእናንተ ጋር ስንት ዓመት ኖሬ፣ ሞልታችሁ እንደምትቀዱ አላውቅም ብላችሁ ነው? እናቴ እዚህ ብቻዋን ነበረች። ያ ባዶ መንገድ ያስፈራኝ ነበር። ያን ያህል ዓመት ለጠበቀኝ ሰው፣ ቀለም ለቀባልኝ ሰው፣ አገርህ ውስጥ መኖር አልችልም ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ። እህቱ ስትሞላልኝ በር የተከፈተልኝ መሰለኝና ወጣሁ። ሰዓቴን እንኳ አላዞርኩትም ነበር፤ እናንተ ግን ሻዩን አያችሁ።"

እንግዲህ ተሸክሜ የመጣሁት ቃል ይህ ነው። ፍረዱኝ ያልኳችሁም ለዚህ ነው፤ ግርማ ቢኖር ኖሮ እየበረርኩ ነበር የማደርሰው። ትናንት ሜሎኑን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ጽጌ ሳን ሆዜ የአረጋውያን አፓርታማ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከስታ እንደ ስሟ ሆናለች። "ሁለት ሳምንት ምን ዋጠህ? ኮል እንኳ አታደርግም?" ብላ ተቆጣችኝ። ሜሎኑን ቆረጥን። ሰማያዊዎቹን ስኒዎች አወጣች፣ አራት ቀርተዋል፤ እንደ ልማዷ ከታች ጠብ አድርጋ ሰጠችኝ። አሁን ካልተናገርኩ አልናገርም ብዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ግርምሽ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው?"

"አዎ እትዬ።"

"ስኒህን አምጣ" አለችኝ። አቀበልኳት። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀዳች፤ ነጩ የጥጥ አበባ እስኪሰጥም፣ ሻዩ በአፉ ሞልቶ ሳህኑ ላይ እስኪፈስ። ደስ አለኝ። እፎይ፣ የዱሮዋ እትዬ ጽጌ ተመለሰች ብዬ ልስቅ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

"እነሱ ዘንድ እንዲህ ሲሞላ ሂድ ማለት ነው፣ አይደል?"

"አዎ" አልኳት።

"እንግዲያው እንደ እነሱ ነው የሞላሁልህ። ጠጣና ሂድልኝ ታዴ። ወንድሜን ያኔ አላለቀስኩትም።"

ሻዩ ያቃጥል ነበር። ቆሜ እስከ ታች ጠጥቼ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።